የአንሶላው ሌላኛው ጫፍ

መስከረም 28

ሙሽሪት፣

እንደምን ከረምሽ? ያ ወንድሜስ? እኔ አለሁ። ደረቴ እንደለመደው ያፍነኛል፣ ጆሮዬም ከነበረበት አልተሻለውም። ስልክ ብደውል አይሻልም ወይ ላልሽው፣ አይሻልም። ዕድሜውን ሙሉ ከማጠቢያ ማሽን አጠገብ የቆመ ጆሮ በስልክ የሚሰማው ጉምጉምታ ብቻ ነው። ባለፈው ስትደውዪ አንዲት ቃል ሳልሰማ "እሺ፣ እሺ" ብዬ ነው የዘጋሁት። በምን እንደተስማማሁ እስካሁን አላውቅም። ስለዚህ ጻፊልኝ፤ ዓይኔ ገና ደህና ነው።

በዚህ ዕድሜዬ ሙሽሪት አትበዪኝ ብለሻል። ወንድሜን ያገባሽ ዕለት ያወጣሁልሽን ስም አሁን የምቀይርበት አቅም የለኝም። ቻይው።

ስለ ሥራው ጠይቀሻል። ባለፈው ዓመት እሱን ተከትለሽ ከሄድሽ ወዲህ ከማጠፊያው ጠረጴዛ ከእኔ ጋር የምትቆመው ከመተኮሻ ክፍል የመጣች ሴት ናት። ሬድዮ እላታለሁ፤ ስለማትዘጋ ነው። ልጆች ያሳደገች፣ ጉልበቷም ልቧም ደህና የሆነች ሴት ናት፣ ከሷ ጋር ጠብ የለኝም። ግን አንሶላ ማጠፍ የሁለት ሰው ሥራ ነው። እኔ ስስብ እሷ ትለቃለች፣ እኔ ስለቅ እሷ ትስባለች። ከአንቺ ጋር እኮ ሳንተያይ ነበር የምናጥፈው። እኛ ሰው እናማለን፣ እጃችን የራሱን ሥራ ይሠራል፣ ቀና ስንል ክምሩ አልቋል።

አሁን የሆስፒታሉ እጥበት ክፍል አዲስ ኃላፊ መጥቶለታል። ክፉ ሰው አይደለም፣ የታዘዘውን ነው የሚያደርገው። ከማጠፊያ ጠረጴዛዎቹ አንዱ ይነሳል ተብሏል። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ አንድ ጠዋት ቆሞ ሁላችንንም ያየናል፤ የዘገዩትና እጥፋታቸው የተጣመመው ጥንዶች ምድር ቤት ወርደው ቆሻሻ አንሶላ ይለያሉ። ምድር ቤቱን ታውቂዋለሽ። መስኮት የለው፣ አየር የለው፣ በረኪናው ዓይን ያስለቅሳል። ጡረታዬ ደርሷል፣ ትንሽ ነው የቀረኝ። ግን ይህን ደረት ይዤ እዚያ ከወረድኩ ጡረታዬን በእግሬ ሄጄ የምቀበል አይመስለኝም።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንሽ። እንዴት ነበር የምናጥፈው? ጻፊልኝ። ለሬድዮ "እንዲህ አድርጊ" ልላት ፈልጌ እጄን አየዋለሁ፣ እጄም እኔን ያየኛል። ማን ነበር የሚሄደው፣ ማን ነበር የሚቆመው፣ ሳስበው ሁሉም ይጠፋብኛል።

ወንድሜን ሰላም በዪልኝ። አሳድጌው፣ ደብተር ሸፍኜለት፣ ሁለት መስመር ቢጽፍልኝ እጁ ይቆረጣል?

እትዬሽ

*

ጥቅምት 11

ውድ እትዬ፣

ከሁሉ በፊት ይቅርታ አድርጊልኝ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰንብቷል። ዛሬ እጽፋለሁ፣ ነገ እጽፋለሁ ስል ቀኑ ሄደብኝ። ደረትሽ እንዴት ነው? ያን የደረት መድኃኒት ትወስጃለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ መሳቢያ ውስጥ ከተሽዋል? የግቢው ሰው ሁሉ ደህና ነው? ብርዱ ሳይገባ ብርድ ልብስ ልላክልሽ?

እኛ በጣም ደህና ነን። ወንድምሽም ደህና ነው። ያልጻፈልሽ ሥራ በዝቶበት ነው። የሚሠራበት የእንጨት ፋብሪካ ትልቅ ትእዛዝ ተቀብሎ ሁሉም ሰው እየተጣደፈ ነው፤ ማታ ሲገባ ደክሞት አፉን እንኳ አይከፍትም። በፖስታው ላይ ያለው አድራሻ ለምን ተለየ ብትዪ፣ ቤት ቀይረናል። ትንሽ ጠበብ ይላል፤ ለሁለት ሰው ምን ያደርጋል ብለን ነው።

ያልሽውን ሳነብ አለቀስኩ፣ ሳቅሁም። ወንበር ላይ ተቀምጬ በሐሳቤ ላጥፍ ሞከርኩ። መጀመሪያ እንዘረጋዋለን። ከዚያ አንቺ ትመጫለሽ ወይስ እኔ? ጠፋብኝ እኮ። ያን ሁሉ ዓመት አጥፈን አሁን እንደ አዲስ ገቢ ግራ መጋባት! በእውን አንሶላ ዘርግቼ ካላጠፍኩ የምጽፍልሽ ነገር ስህተት ይሆናል ብዬ ፈራሁ። ጥቂት ጊዜ ስጪኝ። ሌላውን ጫፍ ወንድምሽ ይይዝልኛል።

እትዬ፣ ምድር ቤት አትወርጂም። እኔ እያለሁ አትወርጂም።

ሙሽሪትሽ

*

ጥቅምት 25

ሙሽሪት፣

ወንድሜ? አንሶላ? የኔው ወንድም ነው ወይስ ሌላ አግብተሻል? ካልሲው በወደቀበት የሚያድር፣ ሳህኑን ከጠረጴዛ ላይ አንስቶ የማያውቅ ሰው የአንሶላ ጫፍ ይዞ ቆመ ብትዪኝ ማን ያምንሻል? ለሬድዮ ነገርኳት። "ለእኔም ባል የሆነ ነገር አዙሪበት በያት" ብላለች። እኔ ግን ደስ ብሎኛል፣ እውነቴን ነው። ሥራ ውሎ፣ ደክሞት ገብቶ ለእኔ ብሎ መቆሙ ደስ አሰኝቶኛል። እንዳታደክሚው ብቻ።

ብርድ ልብሱን አትላኪ፣ አለኝ። መድኃኒቱ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ማን ነገረሽ?

እኛ እየታገልን ነው። ትናንት አንዱ አምልጦን ወለል ነካ። የወደቀ አንሶላ ንጹሕም ቢሆን ተመልሶ ይታጠባል፣ ሕጉን ታውቂዋለሽ። ኃላፊው በዚያ ሲያልፍ አይቶ ደብተሩ ላይ የሆነ ነገር ጻፈ። መጻፉ ነው ያስፈራኝ። ሬድዮ ደግሞ በዚህ ሁሉ መሃል የአክስቷን ሠርግ ታወራለች። ቶሎ ጻፊልኝ።

እትዬሽ

*

ኅዳር 7

ውድ እትዬ፣

አሁን ያለ ጥርጥር ልጽፍልሽ እችላለሁ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እያጠፍን ነው። መጀመሪያ ላይ በጣም ይጣመም ነበር፣ ይወድቅም ነበር፣ ሁለታችንም ተበሳጭተን ያልተነጋገርንበት ቀን አለ። አሁን ግን እጃችን ገባው። ሳላስበው ነው የምሠራው። ትናንት ብቻ እያንዳንዱን ነገር ልጽፍልሽ ብዬ ራሴን እያየሁ ሠራሁ።

እንግዲህ እንዲህ ነው። ዘርጉት፣ ግን አታራግፉት፤ ሲራገፍ ከእጅ ያመልጣል። የራስሽን ሁለት ጥግ ግጠሚና ትከሻሽ ላይ ጣል አድርጊው። ከዚያ ወደሷ ሂጂ። እሷ አንዱን ጥግ ይዛ ትጠብቅሻለች፤ ሌላውን አንቺ አንስተሽ ከያዘችው ላይ ደርቢላት። አጥብቃ መያዟን ሳታዪ እንዳትለቂ። ወደ ቦታሽ ተመለሺና ቀስ ብለሽ ወጥሪው፤ እንዳትጎትቻት። ከዚያም እንደገና አንቺው ጫፍሽን ይዘሽ ሂጂ፣ እጇ ላይ አስረክቢያት፣ ጎንበስ ብለሽ የተንጠለጠለውን የአንሶላውን ሆድ አንሺ። እሷ ከቆመችበት ንቅንቅ አትበል። ከተነቃነቀች ሁሉም ነገር ይበላሻል።

አንዲት የማውቃት ባለሙያ አለች፣ ሰው እንቅስቃሴ እንዴት እንደሚለምድ የምታውቅ። አንድ ዓይነት ነገር ብቻ እየደጋገማችሁ አትሥሩ ትላለች። ትልቁን አንሶላ፣ ቀጥሎ የትራስ ልብስ፣ ቀጥሎ ትንሹን፣ እያቀያየራችሁ። ሲቀያየር ሥራው ይበላሻል፣ ሰው ይናደዳል፣ ግን እጅ የሚማረው ያኔ ነው ትላለች። ጣትሽን አትዪ፣ የጨርቁን ጠርዝ እዪ፤ ጣት ሲታይ ይደናገጣል። ይህም የሷ ነው። ሞክሩት።

ወንድምሽ ሰላም ይልሻል። የምልሽ አዲስ ነገር የለም። ሁሉም እንደነበረ ነው።

ሙሽሪትሽ

*

ኅዳር 22

ሙሽሪት፣

ደብዳቤሽን ጠረጴዛው ላይ ለጥፈነዋል። አንድ መስመር ሬድዮ ታነባለች፣ አንድ መስመር እንሠራለን። ሰው ቢያየን ምን ይለን ይሆን።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ሰውነቴ እምቢ ይላል። ማራገፍ ክንዴ ውስጥ አለ፤ አንሶላ በያዝኩ ቁጥር ሳላስበው ይነሳል፣ "ተው" እለዋለሁ። ጥጉን ሄጄ ሳነሳላት ሬድዮ "እኔ እጅ የለኝም እንዴ?" ትለኛለች። እኔም ገርሞኝ ነበር። ምናልባት ጥግና ጥጉ እኩል የሚገጥመው እንዲህ ሲሆን ነው አልኩ። ሁለተኛው ዙር ላይ ደግሞ እግሬ ቆሞ ይቀራል። በእኔ ትዝታ ሁለተኛውን ትመጪ የነበርሽው አንቺ ነሽ። ግን እኔ አርጅቻለሁ፣ አንቺ ደግሞ በየቀኑ እያጠፍሽ ነው። የማንን ልመን? ያንቺን አመንኩ።

አንድ ቀን ሬድዮ ስለ አክስቷ ስትለፈልፍ ደብዳቤውን ረስተን ዝም ብለን አጠፍን። ደህና ሄዶልን ነበር። እኔ ነኝ "ተይ፣ በሥርዓቱ እንሥራ" ብዬ የመለስኳት። አሁን በምሳ ሰዓት ሳይቀር እንለማመዳለን። የድሮው ከእግሬ እየወጣ ነው፣ አዲሱም እየገባ ይመስለኛል። ትንሽ እንደ ሰው ጫማ ያስቸግራል።

የባለሙያዋን ምክር ሠርተንበታል። እንዳለችው ተበላሸ፣ እንዳለችውም ተናደድን። የት ነው ያገኘሻት? እንዲህ ያለ ሰው ከሆስፒታል ውጭ የት ይገኛል? ደግሞ "ሁሉም እንደነበረ ነው" ስትዪ አልወደድኩትም። አንቺ ስትጽፊ የቤቱን ድመት ሳይቀር ነበር የምታወሪው።

ያን ሰውዬ በእጁ አንድ መስመር ይጻፍልኝ በዪው። ስሙን ብቻ ቢጽፍ ይበቃኛል።

እትዬሽ

*

ታኅሣሥ 3

ውድ እትዬ፣

ተቻኩዬ ነው የምጽፍልሽ፣ አትቀየሚኝ። ባለሙያዋ የሰፈራችን ሰው ናት። መንገድ ላይ ተዋውቀን ነው፣ ሌላ ነገር የለውም። ድመቷ ከድሮው ቤት ቀርታለች።

ወንድምሽ እንዳልጻፈልሽ አትዘኚበት። ስላንቺ ሳያነሳ የሚያድርበት ቀን የለም። ትእዛዙ ገና አላለቀም።

ፈተናው ደርሷልና አንድ ነገር ብቻ ልበልሽ። የጻፍኩልሽን እንዳትለውጪ። ሰውነትሽ እምቢ ቢልሽም አትስሚው፣ መልመድ ሁሌ እንደዚያ ነው። እዚህ ከወር በላይ ሆነን፣ አሁን ሲወድቅብን አይቼ አላውቅም። ስታጥፊ እኔ ሌላው ጫፍ ላይ እንዳለሁ አድርገሽ አስቢ።

ሙሽሪትሽ

*

ታኅሣሥ 19

ሙሽሪት፣

ወረድን።

ሦስት አንሶላ ወለል ነካብን። እኔ ጫፉን ትከሻዬ ላይ አድርጌ ወደሷ ስሄድ እሷ ደግሞ ደንግጣ ወደኔ መጣች፣ ሆዱ መሬት ላይ ተዘረጋ። ከዚያ በኋላ ምን እንዳደረግን እንጃ። መሄድ ሲገባኝ ቆምኩ፣ መቆም ሲገባኝ ሄድኩ። ሬድዮ ከተዋወቅን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለች። ከእኛ ጎን ያሉት ሁለቱ እህትማማቾች አዘኑልን መሰለኝ፣ ሥራቸውን ሆን ብለው ቀስ አደረጉ። ኃላፊው ግን የሚያየውን አየ።

አንቺን አልወቅስም። ደክሞኛል ብቻ። ከምድር ቤት ወጥቼ ቤቴ ስደርስ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አርፋለሁ፣ ከዚያ ነው በሩን የምከፍተው።

ለወንድሜ አትንገሪው። ያዝናል።

እትዬሽ

*

ታኅሣሥ 30

እትዬዬ፣

ምን ብዬ ልጻፍልሽ? ደብዳቤሽን ይዤ ጓዳ ገብቼ ነው ያነበብኩት። አልነገርኩትም፣ ፊቴን አይቶ ግን የሆነ ነገር እንዳለ አውቋል።

አልገባኝም። እምልልሻለሁ፣ አልገባኝም። ዛሬ ጠዋት አንሶላውን እንደገና አውርደን በጻፍኩልሽ ቅደም ተከተል አንድ በአንድ ሞከርነው። ያለ አንዳች እንከን ነው የሄደው። ደግመን ሠራነው፣ ያው ነው። የዘለልኩት ነገር ይኖር ይሆን? ሬድዮ ይሆን ያላወቀችበት? እኔ ነኝ እዚያ መቆም የነበረብኝ። ለምን መጣሁ እላለሁ አንዳንዴ።

መድኃኒቱን እባክሽ ከመሳቢያው አውጪው። ምድር ቤት ስትወርጂ አፍና አፍንጫሽን በጨርቅ ሸፍኚ። ይቅርታ አድርጊልኝ፣ በምን እንደሆነ ባላውቅም ይቅርታ።

ሙሽሪትሽ

*

ጥር 14

ሙሽሪት፣

ተቀምጠሽ አንብቢው።

ምድር ቤት ቆሻሻው ታስሮ የሚመጣበት ትልልቅ መጠቅለያ ጨርቅ አለ፣ አንሶላ የሚያህል። ባዶውን አጥፎ መመለስ የእኛ ሥራ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው አንሶላ ውስጥ ረስቶት የመጣ መርፌ የሬድዮን ቀኝ እጅ ወጋት። ሐኪም አይቷታል፣ ለክፉ አይሰጣትም ብለዋል፣ ግን እጇ በፋሻ ተጠቅልሎ ምንም እንዳትነካበት ታዛለች። እሷም እጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ እንደ ንግሥት ቆማ ታወራለች።

ትናንት መጠቅለያዎቹ ተከምረው ነበር። ለብቻዬ አልችልም፣ "በአንድ እጅሽም ቢሆን ያዢልኝ" አልኳት። መለያ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋነው። አላሰብኩም፤ ያ ሁሉ ልምምድ ሰውነቴ ውስጥ ስለነበር የራሱን መንገድ ያዘ። ጥጌን ትከሻዬ ላይ ጣልኩ፣ ወደሷ ሄድኩ፣ የቀረውን ጥግ አንስቼ በግራ እጇ ላይ ደረብኩላት፣ አጥብቃ መያዟን አየሁ፣ ተመለስኩ። እንደገና ሄድኩ፣ አስረከብኳት፣ ሆዱን አነሳሁ። እሷ ንቅንቅ አላለችም፤ በምኗ ትነቃነቅ? ልክ መጣ። ጥግ ከጥግ። ሁለተኛውን አነሳን፣ እሱም ልክ መጣ። ሬድዮ "እትዬ፣ ይሄ እኮ ለእኔ ተለክቶ የተሰፋ ነው!" ብላ ሳቀች።

እኔ ግን ቆሻሻው ክምር ላይ ተቀመጥኩ። ለምን እንደማይራገፍ ገባኝ። ለምን ጥጉን ሌላ ሰው እንደሚያነሳ፣ ለምን ቀስ ተብሎ እንደሚወጠር፣ ለምን አንቺ ሁለቴ እንደምትሄጂና ያ ሰው ለምን እንደማይንቀሳቀስ፣ ስሙን እንኳ ለምን እንዳልጻፈልኝ፣ ሁሉም ገባኝ። ሬድዮ አመመሽ ወይ ብላ ውሃ አመጣችልኝ።

ያልሽውን ሁሉ አምኜ ነበር። ሥራ በዛበት ስትዪኝ አመንኩ። ቤት ጠበበን ስትዪኝ ለሁለት ሰው ምን ያደርጋል አልኩ። አሁን ትእዛዙን፣ ፋብሪካውን፣ ድካሙን ተዪልኝ። ሙሽሪት፣ አንቺ የምታጥፊው አንድ እጅ ካለው ሰው ጋር ነው።

የወንድሜ ቀኝ እጅ ምን ሆነ? አለ ወይስ የለም?

የሱ እትዬ

*

ጥር 23

እትዬ፣

አለ። እጁ አለ።

ነሐሴ ላይ ነው። እንጨት የሚልገው ማሽን የሸሚዙን እጅጌ ያዘው። እጁን ከነአጥንቱ አተረፉለት፣ ጣቶቹ ግን እሺ ብለው አልታጠፉም። ማንኪያ አይዝም፣ ቁልፍ አያዞርም፣ እስክሪብቶ ሲይዝ ይወድቅበታል። ከፋብሪካው ወጥቷል። ቤቱንም የለቀቅነው ለዚያ ነው።

እንድደብቅሽ ያስማለኝ እሱ ነው። "ከሰማች ሁሉን ጥላ ትመጣለች። ጡረታዋ ደጃፏ ላይ ቆሟል። አንዴ አሳድጋኛለች፣ ሁለተኛ አታሳድገኝም" አለኝ። እኔም ልክ መሰለኝ። ቦታሽን እንዳታጪ ብለን ነበር። አሁን ይህን ስጽፍ ራሴን መቋቋም አቅቶኛል።

ባለሙያዋ የሱ ናት። እጁን የምታሠለጥነው። ኳስ መጭመቅ ብቻ አይበቃም፣ የቤት ሥራ ይሥራ፣ ጨርቅ ያጥፍ፣ የሚያስቸግረውን ያድርግ ትላለች። አንሶላው አንቺ ከመጠየቅሽ በፊት ተሰቅሎ ይጠብቀን ነበር። አልጋው ላይ ዘርግተን ነው የምናጥፈው። ያንቺ ደብዳቤ ሲመጣ "ለእትዬ ነው" ስለው ተነሳ፤ ለራሱ ሲሆን እምቢ ይል ነበር።

አንድ ነገር ግን እመኚኝ። ዋሽቼ አይደለም እንደዚያ የጻፍኩልሽ። የኔና ያንቺ አጣጠፍ ያ ይመስለኝ ነበር። ከሱ ጋር ስደጋግም ከሰውነቴ ውስጥ የድሮው ወጥቶ ይሄ ገብቷል፣ መቼ እንደሆነ አላወቅሁም። ባለሙያዋም "አትርጂው፣ ብዙ ስትረጂው እጁ ሥራ ይፈታል" እያለች ትቆጣኛለች። ሲያቅተው አላስችል ይለኛል። አሁን አወቀች ብሎ እጁን ደብቆ ተቀምጧል፤ ምን እንደምትዪው ፈርቷል።

ሙሽሪት

*

የካቲት 5

ሙሽሪት፣

ተናድጃለሁ። ይህን መጀመሪያ ልጻፈው። ከነሐሴ ጀምሮ ወንድሜ ማንኪያ መያዝ አቅቶት፣ እኔ እዚህ ካልሲውን እያነሳሁ ስስቅበት ነበር። ካልሲውን! ሥራዬን ጥዬ እንዳልመጣ ብላችሁ ሸሸጋችሁኝ፣ ሥራውንም አጣሁት፣ መምጣቱንም አልመጣሁ። ከእንግዲህ ለእኔ ጥቅም ብላችሁ ምንም አትደብቁኝ፤ አቅሙ የለኝም።

ለኃላፊው ሄጄ የሆነውን ነገርኩት። አዳመጠኝ፣ አዘነም። ጠረጴዛው ግን ተነስቷል፤ ቦታው ላይ ቁም ሳጥን አቁመውበታል። ጡረታዬ እስኪደርስ ምድር ቤት ነኝ። አፍንጫዬን እሸፍናለሁ፣ መድኃኒቱንም አውጥቻለሁ። ሬድዮ እጇ ድኗል። አብራኝ ናት፣ አሁን ስለ አጎቷ ጀምራለች። የቀረችኝን ጊዜ እንደ ምንም ብዬ እጨርሳታለሁ፣ ከዚያ እመጣለሁ። እስከዚያ ግን የምልሽን ስሚኝ።

ያንቺን አጣጠፍ ከአንቺ በላይ የማውቀው እኔ ነኝ፤ አንቺን ሆኜ ሠርቼዋለሁ። ሁለቴም የምትሄጂው አንቺ ነሽ። ጥጉን የምታነሺው አንቺ፣ ሆዱን የምትለቅሚው አንቺ። ሬድዮ በዚያ በፋሻዋ የሠራችው ነገር ቢኖር ቆሞ ማውራት ነው። አንሶላው ልክ የሚመጣው ወንድሜ ስላጠፈው አይደለም፣ እሱ ምንም ስለማያደርግ ነው። ሲወድቅ አይቼ አላውቅም ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። አነበብኩት፣ ደስም አለኝ። አሁን ሳየው ግን አለመውደቁ ነው የሚያስፈራኝ።

ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ቁሚ። እሱ ይምጣ። ጥጉን በዚያ በማይታዘዘው እጁ ያንሳው። ይጣመም፣ ይውደቅ፣ እናንተ ቤት የወደቀ አንሶላ መልሶ የሚያሳጥብ ሕግ የለም። ቢናደድ ይናደድ፣ ቢሰድብሽ እኔን ይሰድብ። አላስችል ሲልሽ እጅሽን ወደ ኋላሽ አድርገሽ ያዢው።

ለሱም እንዲህ በዪው። እትዬ አልተቆጣችህም፣ ደብተር የሸፈነችልህ ሴት አሁንም እዚያው ናት፣ አንሶላውን ያዝ ብላሃለች በዪው።

ደብዳቤ ስትጽፊልኝ ደግሞ "ደህና ነው" ብለሽ እንዳትጽፊ። ያን ቃል ከእንግዲህ አላምነውም። ዛሬ ምን ምን ጣለ? እሱን ጻፊልኝ።

እትዬሽ